«የማን ልጅ ነህ?» ስለሚባለው ጥያቄ

ሰው ሲበደል ዐይኑ ይበራል፤ ሲበድል ግን ይጨልማል። የተበደለው ሰው የበዳዩን ፊት፣ የተናገረውን ቃል፣ ቀኑን ሳይቀር ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም፤ የበደለው ግን በማግሥቱ ቡናውን ጠጥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔ በሁለቱም ወገን የቆምሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በሥራ ቦታ ስለሚደረግ የዘር አድልዎ ይህን ስጽፍልህ እንደ ዳኛ ተቀምጬ ሳይሆን እንደ ተከሳሽ ቆሜ ነው።

አስቀድመን ስለ ቃሉ እንነጋገር። የዘር አድልዎ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። ነጩ ጥቁሩን የሚገፋበት፣ በቆዳ ቀለም በር የሚዘጋበት አገር ይታየናል። እውነት ነው፣ እንዲህ ያለ አገር ነበረ። በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ ሥርዓት ሳለ አንዳንዱ ሥራ በሕግ ለነጮች ብቻ ይከለል ስለ ነበር፣ ጥቁሩ ሰው ሙያ ቢኖረው እንኳ እጁን ወደዚያ ሥራ መዘርጋት አይፈቀድለትም ነበር። ኢትዮጵያም ከላይቤሪያ ጋራ ሆና፣ ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው አገር ላይ ይፈጸም ስለ ነበረው እንዲህ ያለ አገዛዝ፣ በ1953 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን በሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ክርክሩ ስድስት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በ1958 ዓ.ም. የዳኞቹ ድምፅ እኩል ለእኩል ስለ ተከፈለ፣ በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ክሱ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። ቢሆንም አገራችን ሰው በቀለሙ ሊለይ አይገባውም ብላ በዓለም ፊት መከራከርዋ እስከ ዛሬ የምንኮራበት ነው።

በዚያው በ1958 ዓ.ም. በሰኔ ወር ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት 111ኛ ስምምነት ተቀበለች። ይህ ስምምነት በሥራና በሙያ ረገድ ሰውን ከሰው መለየትን ይከለክላል። የሚጠቅሰውም የቆዳን ቀለም ብቻ አይደለም፤ ዘርን፣ ፆታን፣ ሃይማኖትን፣ የፖለቲካ አስተያየትን፣ የትውልድ አገርንና የኅብረተሰብ መነሻን ጭምር ነው። እንግዲህ አንድ መልክ ያላቸው፣ አንድ ዓይነት እንጀራ የሚበሉ፣ አንድ ወንዝ የሚጠጡ ሰዎችም በዘር አድልዎ ሊበዳደሉ ይችላሉ ማለት ነው። ሩቁን አገር በሄግ ከሰስን፤ የቅርቡን ማን ይክሰሰው?

የቅርቡን ለማየት ወደ ካራቆሬ ልውሰድህ። ካራቆሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ከአጣዬ ቀጥላ የምትገኝ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። በዚህ አገር አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው ጎረቤት ሆኖ ይኖራል፤ አፋሩም ከቆላው ወጥቶ ይገበያያል። በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ላይ ቆመህ ብትመለከት ማሾ ሊገዛ የመጣ ነጋዴ ከማዳበሪያው እፍኝ አንሥቶ በመዳፉ ያሻዋል፤ ነቀዝ እንዳለበትና እንደሌለበት ያያል፤ ከዚያም ዋጋ ይቆርጣል። በሬ የሚገዛውም ጥርሱን ገልጦ፣ ትከሻውን ዳብሶ፣ ወዲያና ወዲህ አስኪዶ ነው። ማሾው በማን ማሳ እንደ በቀለ፣ በሬው በማን በረት እንደ ተወለደ የሚጠይቅ የለም። እህልን በፍሬው፣ በሬን በጥርሱ የምንመዝን ሰዎች ሰውን ለሥራ ስንመርጥ ግን ወደ አያቱ ስም እንሄዳለን።

በ2004 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ በአንድ የሕንፃ ሥራ ላይ የሰዓት ተቆጣጣሪ ሆኜ እሠራ ነበር። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ቦታ ክፍት ስለ ሆነ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ሰው የምንመርጥም ሦስት ሆንን፤ የሥራው ኃላፊ፣ ካቦውና እኔ። አምስት ልጆች ተፈተኑ። ፈተናውን ያወጣሁትም ያረምሁትም እኔ ነኝ፤ የሲሚንቶና የብረት ገቢና ወጪ የሚያሰላ፣ ጉድለቱን ፈልጎ የሚያወጣ የሂሳብ ጥያቄ ነበር። አንዱ ልጅ ከ50 46 አገኘ። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው 29 ነበር።

ኃላፊው ወረቀቱን ተቀብሎ ከማርኩ ይልቅ ስሙን አነበበ፤ የልጁን፣ የአባቱን፣ የአያቱን። ከዚያም ቀና ብሎ «ይህ ልጅ የማን ልጅ ነው? ከኛ ነው?» አለ። «አይደለም» አለ ካቦው። «እንግዲያስ ለግምጃ ቤት የሚያምኑት ሰው ይሻላል» አለ ኃላፊው፤ ነገሩም በዚሁ አለቀ። ስድብ የለ፣ ጩኸት የለ። እንዲያውም ኃላፊው ጠባዩ ለስላሳ፣ ለማኝ አይቶ ሳይሰጥ የማያልፍ ሰው ነበር። ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። 29 ያገኘው ልጅ «በቃለ መጠይቅ ብልጫ ስላሳየ» ተመርጧል ብዬ በገዛ እጄ ጻፍሁ። ቃለ መጠይቅ ግን አልተደረገም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ባለ 46ቱ ልጅ በር ላይ ጠብቆ «ጋሼ፣ የተሳሳትሁት የቱን ነው? ለሌላ ጊዜ እንዳጠናው ብዬ ነው» አለኝ። እኔም ፊቱን ሳላይ «ቦታው ተይዞ ነው፤ ሌላ ሲወጣ ትሞክራለህ» ብዬው አለፍሁ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ልጁ ከየትኛው ወገን ነበር፣ ኃላፊውስ፣ አንተስ ብለህ በልብህ ሳትጠይቀኝ አልቀረህም። አልነግርህም። የነገርሁህ እንደ ሆነ ታሪኩ ሳያልቅ ልብህ ወገን ይመርጣል። ልጁ ያንተ ወገን ከሆነ ትቆጣለህ፤ ኃላፊው ያንተ ወገን ከሆነ ደግሞ «ምክንያት ይኖረው ይሆናል» ትላለህ። ይልቅስ አንድ ጊዜ ልጁን፣ ሌላ ጊዜ ኃላፊውን ከወገንህ አድርገህ ታሪኩን ሁለት ጊዜ አንብበው። ፍርድህ በሁለቱም ጊዜ አንድ ከሆነ ልብህ ጤነኛ ነው። የተለያየ እንደ ሆነ ግን በሽታው ካንተም ዘንድ ገብቷልና የቀረውን በጥንቃቄ አንብብ።

የተመረጠው ልጅ ክፉ አልነበረም፤ ሂሳብ ግን አይችልም ነበር። በሦስት ወር ውስጥ የሲሚንቶው ቁጥር ከመዝገቡ ጋራ አልገጥም አለ። ማን እንደ ወሰደው ሳይታወቅ ዘበኛው ከሥራ ተባረረ፤ የዘበኛውም ልጆች በማያውቁት ነገር ተራቡ። ባለ 46ቱ ልጅ ደግሞ በዓመቱ ከጓደኞቹ ጋራ በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሳዑዲ አረቢያ መሄዱን ሰማሁ። በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሠራተኞች ማባረር ሲጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ወደ ካራቆሬ የተመለሱት ከአውቶቡስ ሲወርዱ እኔ መንገድ ዳር ቆሜ እመለከት ነበር። እርሱን አላየሁትም። ልጁ የሄደው በእኔ ብቻ ነው አልልም፤ በዚያ መንገድ የሄዱት ብዙ ናቸው፤ ምክንያታቸውም ብዙ ነው። ነገር ግን በዕውቀቱ በአገሩ እንጀራ ቢያገኝ ኖሮ አይሄድም ነበር እያልሁ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

በ2009 ዓ.ም. ተራው የእኔ ሆነ። አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ለሂሳብ ሠራተኛነት ተወዳድሬ፣ የጽሑፉን ፈተና አልፌ ለቃለ መጠይቅ ቀረብሁ። ከጠያቂዎቹ አንዱ ስለ ሂሳብ አንድም ነገር ሳያነሣ ስሜን ተመለከተና «አገርህ የት ነው? ወላጆችህስ ከየት ናቸው?» አለኝ። መለስሁለት። ወረቀቱን አጥፎ አስቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ የተጠየቅሁት ሁሉ ለወጉ ያህል ነበር። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። ግፈኞች፣ ዘረኞች፣ አገር አጥፊዎች እያልሁ ስራገም አመሸሁ። ሊነጋ ሲል ግን የዚያ ልጅ ቃል ትዝ አለኝ፤ «ጋሼ፣ የተሳሳትሁት የቱን ነው?» የረገምሁት ሁሉ ወደ እኔው ተመለሰ። የተጠየቅሁት እኮ ካራቆሬ ላይ ዝም ብዬ ያሳለፍሁትን ጥያቄ ነው።

ከዚህ የተማርሁትን አንድ ነገር ልንገርህ። አድልዎ በሥራ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የጥላቻ ፊት ይዞ አይመጣም፤ የደግነት ፊት ይዞ ይመጣል። «ወገኔን ልርዳ» ይላል። «የማውቀውን ልመን» ይላል። «ድሃ ዘመዴ ነው፣ ልጆች አሉት» ይላል። የጥላቻ ፊት ቢኖረው ኖሮ እኔም፣ ያ ለስላሳ ኃላፊም በደነገጥን ነበር። ነገር ግን ለአንዱ በተከፈተው በር ምክንያት በሌላው ላይ የተዘጋው በር ድምፅ ስለማያሰማ፣ ደግ ሥራ የሠራን እየመሰለን ወደ ቤታችን ገባን።

አሁን የሚከራከረኝ ሰው ይነሣል። «ወገንን መርዳት ምን ኃጢአት አለው?» ይለኛል። ምንም ኃጢአት የለውም፤ ከገዛ ኪስህ ከሰጠህ። በሬህን አውስ፣ እህልህን አካፍል፣ የዘመድህን ልጅ አስተምር። የሥራው ቦታ ግን የኪስህ ገንዘብ አይደለም። ግምጃ ቤቱ የዚያ ኃላፊ አልነበረም፤ ደመወዙም ከእርሱ ኪስ አይወጣም ነበር። በሰው እንጀራ ቸር መሆን ቸርነት አይባልም።

ሌላው ደግሞ «እኛም ትናንት ተገፍተን ነበር፤ ዛሬ ብንገፋ ምን ይደንቃል?» ይላል። ትናንት የገፋህ ሰው ዛሬ በፊትህ ማመልከቻ ይዞ የቆመው ልጅ ነውን? ያ ልጅ ያን ጊዜ አልተወለደም ይሆናል። በአባቱ ስም ልጁን የሚቀጣ ሰው ፍርድ ሰጠ አይባልም፤ ነገ በልጁ ልጅ እጅ የሚመለስ ቂም ዘራ እንጂ። የተጎዳን ክፍል ለማንሣት የሚደረግ ድጋፍ አለ፤ እርሱን አልነቅፍም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ድጋፍ በሕግ ተደንግጎ፣ በማስታወቂያ ላይ ተጽፎ፣ መለኪያው ለሁሉም ታውቆ የሚደረግ ነው። በጨለማ የሚደረገው ግን ስሙ ቢለወጥም ስርቆት ነው።

ሦስተኛው «የምንጠይቀው ስለ ቋንቋ ነው እንጂ ስለ ዘር አይደለም» ይላል። ሥራው ከገበሬው ጋራ መነጋገርን የሚጠይቅ ከሆነ የገበሬውን ቋንቋ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሲሚንቶ ለመቁጠር ግን የትኛው ቋንቋ ያስፈልጋል? መለኪያው ለሥራው የሚያስፈልግ መሆኑን ለማወቅ አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ መለኪያው የወጣው አመልካቾቹ ከመታወቃቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ስሙ ከታየ በኋላ የሚመጣ መለኪያ ሁሉ ለሰው የተሰፋ ልብስ ነው።

ይህ በሽታ ዛሬ የተወለደም አይደለም። አባቶቻችን ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ እያረሱ ቀጥቃጩን ይንቁ ነበር፤ ሸማኔው የሸመነውን ለብሰው ሸማኔውን ይሰድቡ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ከልክ ስላለፈ ነው። ባርነትም በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ሲሆን ስድቡ ግን ከሕጉ ዕድሜ በላይ ኖሮ እስከ ዛሬ በሰው አፍ ላይ አለ። በሥራ ቦታ በሳቅ የሚወረወር ስድብ፣ በአነጋገር ዘዬ ላይ የሚቀለድ ቀልድ፣ አንዱን ሕዝብ ሰነፍ፣ ሌላውን ሌባ የሚያደርግ ተረት፣ ይህ ሁሉ ለነገው ቃለ ጉባኤ ቀለም እንደ መበጥበጥ ነው።

በውጭ አገር ሲደርስብን ግን ክፋቱ ወዲያው ይታየናል። በሊባኖስ ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የቤት ሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋራ የታሰረ ነው። በ2012 ዓ.ም. የዚያ አገር ኑሮ በተናወጠ ጊዜ አንዳንድ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው በቤይሩት በቆንስላችን ደጅ ጥለዋቸው ሄዱ። ያን ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ እህቶቼ ብሎ አለቀሰ፤ ከየትኛው ወገን ናቸው ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። በባዕድ ደጅ ስንወድቅ አንድ ሕዝብ ነን፤ በገዛ ደጃችን ስንቀመጥ ግን መቁጠር እንጀምራለን። ይህ ያሳፍራል።

ለካራቆሬ ልጅ ደግሞ ከዚህ የቀረበ ትምህርት አለው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በዚህ አገር ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኖ መጀቴ ፈረሰች፤ በካራቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ። ይህም አገራችን በሄግ በከሰሰችበት ዓመት ነው። መሬቱ ሲናወጥ የማን ቤት ነው ብሎ አልጠየቀም። በ2013 ዓ.ም. ግን በአጣዬና በአካባቢዋ ሰው በሰው ላይ ተነሣ፤ ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። ያን ጥፋት ያመጣው የቅጥር አድልዎ ነው አልልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን «የማን ነህ?» ማለትን በሰላም ቀን በቢሮ የለመደ አፍ በክፉ ቀን በመንገድ ላይ ቢጠይቅ ለምን ይደንቀናል?

ሕግ አልጎደለንም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጎ በዘር፣ በብሔር፣ በቀለም፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት የሚደረግን ልዩነት ከልክሏል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ም አሠሪ በሠራተኞች መካከል በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ አመለካከት እንዳያዳላ ይከለክላል፤ በእነዚህም ምክንያት ሠራተኛን ማሰናበት ሕጋዊ አይደለም ይላል። ይሁን እንጂ የእኔን ቃለ ጉባኤ የተመለከተ ዳኛ ምን ያገኝ ነበር? ጥሩ አማርኛና ሦስት ፊርማ። ሕጉ እንዲሠራ ከተፈለገ አድልዎ ገና ወረቀት ሳይሆን በፊት መያዝ አለበት።

መያዣውም ከባድ ጥበብ አይደለም። ሰው ከመመልመሉ በፊት ሥራው የሚፈልገው ዕውቀት ተጽፎ ይለጠፍ። የፈተናው ወረቀት በስም ፈንታ ቁጥር ይጻፍበት፤ አራሚው ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ያርም። በቃለ መጠይቅ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቅረብ፤ ማርኩም በዚያው ሰዓት ይመዝገብ። ምልመላው ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ወገን ሰዎች ብቻ አይተው። ውጤቱ በግልጽ ይለጠፍ፤ የወደቀውም በምን እንደ ወደቀ ሲጠይቅ ወረቀቱን የማየት መብት ይኑረው። ካቦውም በማለዳ የቀን ሠራተኛ ሲለይ ፊት እያየ ከሚጠራ በተራ ይጥራ። በዳይ ላይ አቤት ያለ ሠራተኛም በአቤቱታው ምክንያት እንዳይባረር ጓደኞቹ አብረውት ይቁሙ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያስፈልገው አንድ አፍ ነው። በዚያች ቀን ካራቆሬ ላይ ሦስት ነበርን። ኃላፊው ጠየቀ፣ ካቦው መለሰ፣ እኔ ዝም አልሁ። «የማን ልጅ መሆኑ ለሲሚንቶው ምን ያደርግለታል? 46 አግኝቷል» ብል ኖሮ ምናልባት እቆጣ ይሆናል፤ ምናልባትም ሥራዬን አጣ ይሆናል። ነገር ግን ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረምና ያፍርም ነበር ይሆናል። ያን ሳልሞክረው ቀረሁ።

አንተ ግን ገና ወጣት ነህ። ነገ ጸሐፊ፣ መምህር፣ መሐንዲስ፣ ኃላፊ ትሆናለህ፤ ሰው የሚመረጥበት ጠረጴዛ ዙሪያም ትቀመጣለህ። ያን ጊዜ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም፤ በለስላሳ ድምፅ፣ ምናልባትም ከምታከብረው ሰው አፍ ይመጣል። የሚጠቅመውም ያንተን ወገን ይሆናል፤ ፈተናውም ይኸው ነው። ያን ቀን ዝም አትበል።

ያ ልጅ በሕይወት ካለና ይህ ጽሑፍ ከእጁ ከገባ፣ በዚያን ቀን በር ላይ ያልመለስሁለትን ዛሬ እመልስለታለሁ። ልጄ ሆይ፣ ያጎደልኸው አራት ማርክ ብቻ ነበር። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።